ሆራ ገባ

ሞጆ፣ የካቲት 4 ቀን 1923 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለዲንቄ፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጃፍሽ ይድረስ። እማማ ቡዜ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ መኪናውም ደህና ነው። በባቡር የላክሽው ወረቀት ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። መልሱን ሳላዘገይ ልጻፍልሽ ብዬ ከመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጫለሁ።

አዎ፣ ወንድምሽ ሆራ አብሮኝ ነው። ከኋላ፣ በቤንዚኑ ጣሳና በምሾፍርለት ፈረንጅ፣ በሙሴው፣ ድንኳን መካከል ቦታ አበጅቼለታለሁ። አሮጌ ካፖርቴን አልብሼዋለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ረዳቴ ነው እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ባዶ እጁን ይምጣ ስላሉ ጠመንጃ አልያዘም። ሻሽ ጠምጥም፣ ፊትህን ሸፈን አድርግ ብዬ ብለምነው ግን እምቢ አለኝ። «የገደልኩት ልጅ አባት ፊቴን ማየት አለበት፤ ተሸፋፍኜ አልታረቅም» ይላል።

ቀኑን አልረሳሁም። የካቲት 13፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ከሻላ ሐይቅ በላይ በሟቹ አባት በኦቦ ወዬሳ መንደር። ስምንት ዓመት ሽማግሌ ተልኮ፣ በስንት ልመና የተገኘች ቀን ናት። ያች ፀሐይ ካለፈች ጉማው፣ ያ ሁሉ የደም እርቅ፣ ፈረሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የኦቦ ወዬሳ ልጆች ሆራን ባገኙበት የወንድማቸውን ደም ይመልሳሉ። ይህን ደግመሽ ደጋግመሽ መጻፍ አያስፈልግሽም፤ ከእንቅልፌ ስነሳ የማስበው እሱን ነው።

የሚያስቸግረኝ ሙሴው ነው። ሰውዬው ከባሕር ማዶ መኪናውን በባቡር ጭኖ የመጣው ሐይቅና ተራራ ለማየት ብቻ ነው። አገር አማን ነው ብሎ በየጉብታው «ቁም!» ይለኛል። ዛሬ ዝቋላ በስተ ምዕራብ ብቻውን ቆሞ ሲያይ ባለ ሦስት እግር ሣጥኑን ተክሎ፣ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ እስከ ቀትር አልወጣም። እውነት ለመናገር ተራራው ያምር ነበር። ጫፉ ላይ ደመና እንደ ነጠላ ጣል ብሎበታል፤ ወገቡ ጥቁር ሰማያዊ ነው። አናቱ ላይ ክብ ሐይቅ እንዳለ፣ በሐይቁም ዙሪያ መነኮሳት እንደሚኖሩ ለሙሴው ስነግረው እንውጣ አለ። መንገድ የለም ብዬ ዋሸሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ከዚህ ሜዳ ላይ ሆኖ ሲታይ ግን ጠዋት የወጣበት ብርሃን ድንጋዩን አንድ በአንድ ያስቆጥራል።

ትናንት ከሆራ ጋር ስለ ጉማ ስንነጋገር ሙሴው ሰማንና በሰባራ አማርኛው «ጎማ አታስቡ! ሁለት ትርፍ ጎማ አለኝ» አለን። ሆራ ከአዳማ ከተነሳን ጀምሮ የሳቀው ያኔ ብቻ ነው።

አብተው

አዳማ፣ የካቲት 6 ቀን 1923 ዓ.ም.

ለአብተው፣

እኛ አለን፤ አንተም እንዳለህ ተስፋ አደርጋለሁ። የእናቴ ጉልበት አልተሻላትም። ከዚህ በላይ ስለ ጉልበት አልጽፍም።

ስለ ዝቋላ የጻፍከውን አነበብኩ። አብተው፣ እኔ ዝቋላን ጡት ከተውኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በጠራ ቀን ከጓሮዬ ቆሜ አየዋለሁ፤ ነጠላውንም አውቃለሁ። እኔን ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ነህና እኔም አንተን በፊደልህ አውቅሃለሁ። ስለ ተራራ ስትጽፍልኝ የደበቅከው ነገር አለ። አምና የአባቴ በቅሎ ከእጅህ የጠፋች ጊዜ ከአዋሽ የላክህልኝ ወረቀት ከላይ እስከ ታች ስለ ፏፏቴ ነበር። በቅሎዋ የጠፋችው መጨረሻው መሥመር ላይ ነው። በዝቋላ ጀርባ ምን አለ? ቁርጡን ጻፍልኝ።

ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ መርዳሳ አልጠየቅከኝም፤ ጠመንጃውን በየቀኑ ይወለውላል። ዝገት ይሁን ንዴት የሚወለውለው አላውቅም። «አብተው የሰው አገር ሰው ነው፤ ምን ያውቃል? ወንድሜን ወስዶ ነብር ጉድጓድ ውስጥ ሊጥለው ነው» ይላል። እኔ ደግሞ ላንተ ጠበቃ ሆኜ ስከራከር እውላለሁ። ያለኝ ሁለት ወንድም ነው። አንዱ ሲታረቅ ሌላው ደም ውስጥ እንዲገባብኝ አልፈልግም። እውነቱን ልንገርህ፤ ሆራ በዚህ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ካንተ ጋር አንድ ገበታ እንዴት እንደምቀርብ አላውቅም። ይህን የምጽፍልህ ስለምወድህ ነው፤ የማልወድህ ብሆን ዝም ብዬ ነበር የምቀየምህ።

ወረቀት ይዘገያል። እዚህ ባቡር ጣቢያ ስልኩን የሚጠብቀውን ተክለሃይማኖትን ለምኜዋለሁ፤ ከሞጆ ጣቢያ ቃል ቢመጣ ተቀብሎ ያደርስልኛል። ሥራው እንዳይበላሽበት ግን ረጅም ነገር አልቀበልም ብሏል። አጭር አድርገህ ላክ። ይህ ላንተ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

ዲንቄ

ዝዋይ፣ የካቲት 10 ቀን 1923 ዓ.ም.

ለዲንቄ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ያልሽው ልክ ነው። ይህን ወረቀት ሳትጨርሽ አትርገሚኝ።

ሞጆ ላይ አንድ ሰው ሆራን አወቀው። ቤንዚን ስንሞላ መጥቶ ቆመ፤ ፊቱን ትክ ብሎ አየው፤ ስሙን ጠየቀው። ሆራም ሳይዋሽ ነገረው። ሰውዬው ፈረሱ ላይ ወጥቶ ወደ ደቡብ ጋለበ። የኦቦ ወዬሳ ልጆች አማች እንደሆነ በኋላ ሰማሁ። እንግዲህ መምጣታችንን ከእኛ ቀድመው ያውቃሉ። ዝቋላን ስጽፍልሽ ያየሁት ያንን ፈረስ ነበር።

ሁለተኛው ነገር፤ መቂ ላይ ሆራ ጠፋብኝ። ግማሽ ቀን ፈለግኩት። ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። «ልሸሽ ነበር» አለኝ። «ለምን ቀረህ?» ብለው፣ «ስምንት ዓመት ሸሸሁ፤ የት ደረስኩ?» አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ራሱ መኪናው ላይ ወጣ። ወንድምሽን እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው በሚስቴ ወንድምነቱ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በሰውነቱ አከብረዋለሁ።

ሦስተኛው ሙሴው ነው። ሐይቁን ሲያይ እንደ ሕፃን ሆነ። በደንገል ታንኳ ተሳፍሮ ወደ ደሴቶቹ ሄዷል፤ ነገ እመለሳለሁ ብሏል። ከዚህ እስከ ሻላ አሸዋ ነው፤ የቡልቡላን ወንዝም መሻገር አለብን። ነገ ቀትር ላይ ካልተነሳን አንደርስም። መኪናውን ይዤበት ብሄድ ሌባ ነኝ። ሆራን በእግር ብሰደው መንገድ ላይ ይገድሉታል፤ የሽማግሌዎቹ ጥበቃ የሚጀምረው ከአጥራቸው ውስጥ ነውና። አንድ ክንድ ከአጥሩ ወዲህ ከሆነ የማንም ነው፤ ከገባ ግን የሚነካው የለም።

ስለዚህ ከእኔ የምትጠብቂው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ገባ የሚል። የቆዳ ነጋዴው አብዱልመናን ሰሞኑን ከሻሸመኔ ወደ ሞጆ ስለሚመለስ በእሱ አፍ እልክልሻለሁ። ይህን ወረቀት ለማር ነጋዴዎች ሰጥቻለሁ፤ በየገበያው ስለሚያድሩ ሳይቆይ አይቀርም።

አሁን ምንም የቀረ የደበቅኩት የለም፤ አንድ ነገር ልጨምር ፍቀጂልኝ። የጭላሎ ተራራ ከሐይቁ ማዶ ቆሟል። ትልልቅ ነጫጭ ወፎች፣ ከመንቁራቸው ሥር ከረጢት ያላቸው፣ በውሃው ላይ ተሰልፈው ያልፋሉ። ሆራም አብሮኝ ያያል። ያ የገደለው ልጅ በሞተበት ዓመት፣ እሱ ራሱ ከብት ሊያጠጣ ሲመጣ እነዚህኑ ወፎች ያይ እንደነበር ነገረኝ። የተጣሉት ማን ቀድሞ ያጠጣ በሚል ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረም ይላል።

አብተው

አዳማ፣ የካቲት 16 ቀን 1923 ዓ.ም.

ለአብተው፣ ካለህ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም። ከሞጆ ወዲህ አንድም ወረቀት አላየሁም።

ጠዋት ተክለሃይማኖት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። ባርኔጣውን ሲያወልቅ አይቼው አላውቅምና ክፉ ወሬ እንደያዘ ያኔ አወቅኩ። ብጣሽ ወረቀት ሰጠኝ። «ሆራ ገባ» ይላል። ሁለት ቃል። «ምን ማለት ነው?» ብለው፣ እሱም ገርሞት የሞጆውን ባለስልክ ጠይቆት ነበር። የሞጆው ሰው፣ «እኔ ምን አውቄ? ሆራ በዚያ አገር ከብት የሚጠጣው የጨው ውሃ ነው፤ ነጋዴው እዚያ ገባ ነው ያለኝ» አለው። «ነጋዴው የት አለ?» ብለው፣ «ባቡር ተሳፍሮ አዲስ አበባ ሄዷል» አለኝ።

እናቴ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። አልጮኸችም። ነጠላዋን አውልቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጎረቤታችን ዘርፉ ስትደርስ ግን ጩኸቱን እሷ አቀለጠችው፤ አሁን ቤቱ በለቅሶኛ ሞልቷል። መርዳሳ አንድ ቃል ነው ያለው፤ «አላስታረቁትም፤ አሰጠሙት።» ጠመንጃውን ይዞ ፈረስ ላይ ወጣ። ለመንኩት፣ ልጓሙን ያዝኩ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቆ ሄደ። ከኦቦ ወዬሳ ቤት አንዱን ሳይጥል አይመለስም።

አሁን እኔን ስማኝ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ እኔ ይህን አፍ አላመንኩትም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ያችን ብጣሽ ወረቀት እያገላበጥኩ ነው። ስለጠፋች በቅሎ ሙሉ ገጽ የጻፈ ሰው የወንድሜን ሞት በሁለት ቃል አይልክልኝም። ደግሞ አማርኛችሁ ጉድ ነው። በእኛ ቋንቋ «ሆራን ገሌ» ቢባል ሰውዬው ገባ ማለት ነው፤ «ሆራ ሴኔ» ቢባል ውሃ ውስጥ ገባ ነው፤ ማንም አይሳሳትም። በአማርኛ ግን ሆራ የሚባለው ወንድሜ ገባ ብዬ አነበብኩት፤ አንድ ሰው ሆራው ውሃ ውስጥ ገባ ብዬም አነበብኩት፤ ሁለቱም ይሆናል። ወንድሜ በዚህች ክፍተት ውስጥ ወይ አለ ወይ የለም።

ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ተስፋ ሰጥቼ መልሼ ብነጥቃት ትሞትብኛለች።

ወረቀቱን ለመልእክተኛው ለራህመቶ ሰጥቼዋለሁ፤ ወደ ሻሸመኔ ፈረስ እየለወጠ ነው የሚጋልበው። መርዳሳ ጥይት ለመለመን መቂ አጎታችን ዘንድ ሳያድር አያልፍምና ራህመቶ ይቀድመው ይሆናል። አብተው፣ ሆራ በሕይወት ካለ መርዳሳን አስቁምልኝ። እንዴት አድርገህ እንደሆነ አላውቅም፤ አስቁመው። ሆራ ሞቶ ከሆነ ግን ከመርዳሳ መንገድ ዘወር በል፤ አንተንም አይምርህም።

ዲንቄ

ሻላ፣ የካቲት 23 ቀን 1923 ዓ.ም.

ለዲንቄ፣

ሆራ ደህና ነው። ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ይህን ለእማማ ቡዜ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ሆራ በሕይወት አለ፤ አሁን ከፊቴ ተቀምጦ ወተት ይጠጣል።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሙሴው እንዳለው በማግስቱ ከደሴቶቹ ስለተመለሰ፣ የካቲት 13 ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት ከሽማግሌዎቹ አጥር ደረስን። ሆራ እግሩን ከበሩ ወዲያ ሲያደርግ ከደስታዬ ብዛት ራሴን ሳትኩ መሰለኝ። አብዱልመናን በዚያው ሲያልፍ ሮጬ ያዝኩትና «ሆራ ገባ በልልኝ» አልኩት። ለአንቺ አጭር ልላክ ብዬ ስጨነቅ እኮ ነው ዲንቄ! «ከሽማግሌዎቹ ዘንድ» የሚሉ ሁለት ቃላት ቆጠብኩ። በዕድሜዬ አንድ ቀን ቃል ብቆጥብ ይህን ያህል ሰው አስለቀስኩ። ይቅርታ መጠየቂያ አፍ የለኝም።

ነገሩ እዚህም ቀላል አልነበረም። ኦቦ ወዬሳ ሰባት ቀን ሙሉ እምቢ አሉ። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ይሄዳሉ፤ ማታ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ። ሦስቱ ወንዶች ልጆቻቸው ጦራቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ተቀምጠው ጠበቁ። በስምንተኛው ቀን፣ የካቲት 20፣ ራህመቶ ደረሰ። ወረቀትሽን ከሽማግሌዎቹ ፊት ቃል በቃል እየተረጎምኩ አነበብኩት። ልጆቹ ያን ቀን ወደ ገበያ ሄደው ነበር። ኦቦ ወዬሳ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። እናትሽ ነጠላቸውን አውልቀው መሬት ላይ ተቀመጡ የሚለው ላይ ስደርስ ቀና አሉ።

«ይህች ሴት በሕይወት ላለ ልጅዋ ነው የምታለቅሰው?» አሉ። አዎ አልናቸው።

ከዚያ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሱና ወደ መኪናው ሄዱ። «አስገቡኝ» አሉ። «ወንድሙ የሞተበት ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ግራ ቀኝ አያይም፤ እናንተ ብትጠሩት አይሰማችሁም። እኔ ያንን መንገድ ሄጄበታለሁ። እኔን ይሰማኛል።» ሽማግሌዎቹ ሊያስቀሯቸው ሞከሩ። እሳቸው ግን «ልጆቼ ሳይመለሱ ንዳ!» ብለው ጮኹብኝ። ሙሴው ኮረብታ ላይ ሣጥኑን ተክሎ ነበር፤ ሳላስፈቅደው መኪናውን ይዤ ነዳሁ።

ላንጋኖን አለፍን፤ ውሃው ምን መልክ እንደነበረው አላየሁም። የአሉቶን ተራራም አላየሁም። ሽማግሌው በዕድሜያቸው መኪና ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። አንድ ጊዜ ብቻ «ከዚህ አይፈጥንም?» አሉኝ።

ቡልቡላ ወንዝ ጋ ከመርዳሳ ጋር ተገናኘን። ኦቦ ወዬሳ ብቻቸውን ወርደው ወደ እሱ ሄዱ። ተነጋገሩ። መርዳሳም ወደ እናንተ ተመለሰ፤ ይህ ወረቀት ሲደርስሽ እሱም ሳይደርስ አይቀርም። ከዚያ ልንመለስ ስንል መኪናው አልነሳ አለ። ሞተሩን የሚያስነሳው ከፊት የሚሰካ ዘንግ አለ፤ ማኖቬላ ይሉታል። ኦቦ ወዬሳ እስቲ ላዙረው ብለው ሲያዞሩት ወደ ኋላ ተመልሶ ግራ ክንዳቸውን መታቸው። ክፉኛ ቆስለዋል። ልጆቻቸውም ሽማግሌዎቹም የሰሙት ይህንን ነው። በመንገድ ላይ እሳቸው ራሳቸው፣ ልጅ ዳዊት እንደሚያስደግሙ፣ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። አንቺም ለሚጠይቅሽ ሁሉ እንዲሁ ተናገሪ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ምን አግብቶት ማኖቬላ ያዞራል ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አትጠይቂኝ።

ጉማው ትናንት ተፈጸመ። በጉ ታረደ፤ ሆራና ኦቦ ወዬሳ እጃቸውን በአንድ ደም ነክረው ተያያዙ። ሽማግሌው የዘረጉት ቀኝ እጃቸውን ብቻ ነው። ትልቁ ልጃቸው ቀርቦ ሆራን ሲስመው እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ሆራ ክንዳቸው እስኪድን እዚሁ ቆይቶ ከብታቸውን ሊጠብቅላቸው ነው፤ ማንም አላዘዘውም።

ሙሴው አሰናብቶኛል። አልፈርድበትም። በበቅሎ መቂ ድረስ እመጣለሁ፤ መልስሽን እዚያ ላኪልኝ።

አብተው

አዳማ፣ የካቲት 29 ቀን 1923 ዓ.ም.

ለአብተው፣

እንኳን በሕይወት አቆየህ። መቂ ላይ ብዙ አትዘግይ፤ ናፍቄሃለሁ። መኪናውን ለሙሴው ተውለት፤ እዚህ ሥራ አይጠፋም።

የማር ነጋዴዎቹን ወረቀት ትናንት አገኘሁት። «ገባ የሚል ቃል ጠብቂ» ይላል። ካነበብኩት በኋላ ሳቅኩ፤ ከዚያ ብዙ አለቀስኩ። መርዳሳ እንደተመለሰ ለእናቴ ሆራ አለ ስላት እጄን ይዛ ሦስት ጊዜ አስማለችኝ። ለቅሶኛው ሁሉ እልል ብሎ ተበተነ። ዘርፉ ግን በከንቱ አስጮኻችሁኝ ብላ አኩርፋለች።

መርዳሳ ሰኞ ተመለሰ። ፈረሱን ሳይፈታ ጓሮ ወሰደኝና ያደረገውን ራሱ ነገረኝ። ወረቀትህ ገና አልደረሰኝም ነበር። ቡልቡላ ላይ ኦቦ ወዬሳ እጃቸውን ዘርግተው ወደ እሱ ሲመጡ ፊታቸውን አወቀው። «ወንድምህ አለ!» ሲሉት ሰማ፤ ጥይቱ ግን ወጥቶ ነበር። ክንዳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀመጡና መጀመሪያ የጠየቁት አንተን ነው አለኝ፤ «ሌላ የሰማ ሰው አለ?» አንተም «ማንም የለም» አልክ። ከዚያ እሱን ቀና ብለው አዩትና «ሂድ፣ እናትህን አጽናና» አሉት።

በጥፊ መታሁት። መርዳሳን ከመታሁት አሥራ አምስት ዓመት ይሆናል። እጁን ሳያነሳ ቆመልኝ።

ወረቀትህ ሲደርስ አነበብኩለት። ማኖቬላው ላይ ስደርስ አቀርቅሮ ቀረ። ከዚያ ተነስቶ፣ «እሄዳለሁ፤ ለልጆቻቸው እናገራለሁ፤ የእኔም ጉማ ይፈረድ» አለ። ጫማውን ሲያጠልቅ በሩ ላይ ቆምኩበት። «አንተ ስትናገር ሆድህ ይቀልልሃል» አልኩት፤ «ሸክሙ ግን ሆራ ላይ ነው የሚወድቀው። ዛሬ ከነዚያ ልጆች ጋር ተኝቶ ይነሳል። ሽማግሌው በገዛ ክንዳቸው የዘጉትን በር አንተ ለሆድህ ብለህ ትከፍተዋለህ? ያንተ ጉማ ዝምታ ነው። እስክትሞት ትከፍለዋለህ።» ጫማውን መልሶ አወለቀ።

እኔም ካሁን ወዲያ ይህን ነገር በአፌም በእጄም አላነሳውም። ወረቀቱን አንብበህ እሳት ውስጥ ጨምረው፤ አመዱንም በትነው።

ዛሬ ምሳ ላይ እናቴ ለሽማግሌው ቅቤ ልላክላቸው አለች። «ክንዳቸውን ምን አገኘው ብለሽኝ ነበር?» አለችኝ። ማኖቬላ መታቸው አልኳት። ማኖቬላ የሚባል ነገር በጆሮዋ ሰምታ አታውቅም። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። እኔ ለማስረዳት አፌን ስከፍት መርዳሳ ጉርሻውን አስቀመጠ።

«ብረት ነው፣ አዮ» አላት። እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ወጣ።

ዲንቄ